ለበረኛ የተቆላ ገብስ

ሰውየው መስታወት ቆራጭ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው ጉዳዩን የሚናገረው። ትልልቁ መስታወት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ጥግ ላይ የስቱኮ ጣሳ አለ፤ መሃል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። ሥራው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመቁረጫውን አልማዝ ነጭ ጋዝ ያስነካና፣ ማስመሪያውን ጫን አድርጎ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ ያደርግና አንዴ ይስባል። ሁለቴ አይሳብም። ሁለቴ የተሳበ መስታወት ራሱ በፈለገው በኩል ነው የሚሰነጠቀው።

ሰፈሩ ግን በመስታወቱ አይደለም የሚያውቀው። "አግዳሚ" ነው የሚለው። የሰፈሩ ኳስ ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ነው። ዓመት ይመጣል፣ ዓመት ይሄዳል፣ እሱ ማሊያ ለብሶ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጨዋታ ያያል። ስሙን ያወጣለት የቡድኑ አምበል ነው። አምበሉ ታክሲ ነጂ ነው፤ እጁ ቢያርፍ አፉ አያርፍም።

"ሌላው ሰው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል" አለው አንድ ቀን፣ "አንተ ግን ራስህ አግዳሚ ሆነሃል። ትንሽ ብትቆይ ሰው ይቀመጥብሃል።"

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከልቡ ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቀውም።

አንደኛው በረኛ ማን ነው ቢባል፣ የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። "መዝጊያ" ይሉታል። ቁመቱ በር የሚሞላ፣ መዳፉ አካፋ የሚያክል ልጅ ነው። ቀን ቀን እህል መጋዘን ውስጥ ኬሻ ይሸከማል። ማታ ልብሱን ሲያራግፍ ዱቄቱ ሌላ ሰው ይወጣዋል።

እናታቸው የሞተችው መዝጊያ ገና ተማሪ ሳለ ነው። ልብስ እያሰጣች ነበር። አመመኝ እንኳ ሳትል፣ እርጥብ አንሶላ እንዳቀፈች ወደቀች። ጎረቤቱ "ልቧ ነው" አለ። ሐኪም አላያትም፤ ለማየትም አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ትልቁ ለትንሹ እናትም አባትም ሆነ። አበላው፣ አስተማረው፣ ሲያጠፋ ቆነጠጠው። ኳስም ያስያዘው እሱ ነው። ግቢ ውስጥ ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ ይመታለት ነበር። ልጁ መጀመሪያ በደረቱ፣ በኋላ በእጁ፣ በመጨረሻም በጣቱ ጫፍ መመለስ ለመደ። አንድ ቀን አሰልጣኙ ሁለቱን አቁሞ አያቸውና ማሊያውን ለትንሹ ሰጠው። አልከፋውም ቢባል ውሸት ነው። ከፍቶታል። ግን ልጁ ዘሎ ኳስ ሲይዝ "የኔ ልጅ!" ብሎ ከአግዳሚው የሚነሳውም እሱ ነበር። ሁለቱም ስሜት አንድ ሆድ ውስጥ ያድራል፤ የሰው ሆድ ሰፊ ነው።

የዚያ ቡድን ነገር ደግሞ ቡና ነው። አሰልጣኙ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። "ጨዋታው አንድ ሰዓት ሲቀረው ቡና የጠጣ ተጫዋች" ይላሉ፣ "እግሩ ይነቃል፣ ዓይኑ ይከፈታል፣ ሌላው ሲዝል እሱ ይሮጣል።" እውነትም ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ላይ የሚሮጡት የሳቸው ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ሕግ ሆነ። ስኳር የለውም፣ ወተት የለውም፤ ጥቁር ነው። ፊት ማጥቆር የለም። ያልጠጣ አይገባም። የሚያፈላውም የማይጫወተው ነው፤ "እግርህ ካልሠራ እጅህ ይሥራ" ነው ነገሩ።

እንግዲህ የማይጫወተው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። አግዳሚ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ፣ በተጨረማመተ ትልቅ ጀበና ያፈላል። ለተጫዋቾቹ በትልቁ ፔርሙስ ይሞላል። በረኞች ለማሟሟቅ ቀድመው ስለሚወጡ ቀድመው ነው የሚጠጡት፤ ለነሱ ትንሽ ፔርሙስ ለብቻዋ አለች። አንዱን ስኒ ለወንድሙ፣ አንዱን ለራሱ ይቀዳል። እሱ ጠጥቶ የትም አይሄድም፤ ይቀመጣል። ሌሊቱን ግን እንደተጫወተ ሰው ዓይኑ ፈጦ ያድራል። ሚስቱ "አንተ ሰውዬ፣ ስንት ለስንት ወጣችሁ?" ትለዋለች፣ ስትገላበጥ።

ዘንድሮ መጀመሪያ ላይ ነው። ጨዋታ አልቆ ሰው ሲበተን፣ መዝጊያ ከጎሉ አልመጣም። አግዳሚ ዞር ሲል ቋሚውን አቅፎ ቆሟል።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው ብረት ያቅፋል? ሚስት አግባ እንጂ።"

ልጁ አልሳቀም። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

"ልቤ ነው ጋሼ። አንዳንዴ... ደረጃ ሲወርድ አንዱን እንደሳተ ሰው ይሆንብኛል። ጥልቅ ይላል። ከዚያ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ መያዣ የለውም። በኋላ ያልፋል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆይቷል። ቡና ስጠጣ ይብሳል።"

"ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።"

"ሄጄስ? ኳስ ተው ሊለኝ? መልማዩ ዘንድሮ ሊያየኝ ነው ተብሏል። ደሞዝ የሚከፍል ቡድን ነው ጋሼ! ኬሻ ተሸክሜ ልርጅ ነው የምትለኝ?" ከዚያ እጁን ያዘው። "ለማንም እንዳትናገር። በእናታችን አፅም ማልልኝ።"

ማለ። በማን አፅም እንደማለ የገባው እቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ቢምልም ለሚስቱ ነገራት። ባይነግራትም ፊቱን አይታ ጨርሳው ነበር። ሚስቱ እቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። መርፌዋን ሳታቆም፣

"ለምን ለአሰልጣኙ አትነግራቸውም?" አለችው።

"ምን ብዬ? ወንድሜ ልቡን ያመዋል፣ እሱን አስወጡና እኔን አስገቡኝ ልበል?"

"አስገቡኝ አትበላ!"

"እኔ ባልልም እነሱ ይሉታል። ሌላ በረኛ የለማ። ወንድሙን ገፍቶ ገባ ነው የምባለው። እሱ ራሱስ ምን ይለኛል?"

"ቀብሩ ላይ እንደሆነ ማንም ምንም አይልህም" አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ይቺ ቃል ለብዙ ቀን ሱቁ ድረስ ተከተለችው። መስታወት ሲቆርጥ ትመጣበታለች። ቢናገር መሐላው አለ፣ የሰው አፍ አለ። ዝም ቢል ልጁ አለ። ሁለቱን ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ ሲፈልግ ነው ገብሱ ትዝ ያለው። በልጅነታቸው እቤት ቡና ሲጠፋ እናታቸው ገብስ አሳርራ ትወቅጥና ታፈላ ነበር። መልኩ ያው ጥቁር ነው፤ ምሬቱም ደህና ነው።

ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ መጥበሻው ላይ ገብስ ሲጨስ አገኘች።

"ምነው፣ ፈረስ ገዛህ እንዴ?"

ነገራት። ዘንቢሏን አስቀመጠች።

"ለሱም ሳትነግረው?"

"ከነገርኩት አይጠጣውም።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አለች። እንዲህ ስትል አልተስማማችም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ትንሿ ፔርሙስ ገብስ ሆነች። ሽታ እንዲኖራት ላዩ ላይ ከትልቁ ጀበና ጠብ ያደርግባታል። ራሱም ከሷው ይጠጣል፤ ወንድሙን ብቻ ማታለል ከበደው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱን ክፉኛ አመመው። ግንባሩን በሻሽ አስሮ ሥራ ገባ። ለካ ሰውነት ቡናውን ሲያጣ እንዲህ ያኮርፋል። በኋላ ግን ተሻለው፤ እንቅልፉም መጣ።

መዝጊያ አንዴ ፉት አለና ስኒውን አየው። "ጋሼ፣ ቡናህ ምነው ጣዕሙ ተለወጠ?"

"አሮብኝ ነው።"

"ሁልጊዜ ነው የሚያርብህ?"

"አርጅቼ ይሆናላ" አለው።

ልጁን ግን ሰውነቱ ከበደው። ለኳስ ሲዘል ዘግይቶ ነው የሚነሳው። እሱንም ራሱን ያመው ጀመር። አንድ ቀን ሕፃን እንኳ የማታመልጠው ኳስ በእግሩ መሃል ሾልካ ገባች። አሰልጣኙ "ተኝተሃል እንዴ!" ብለው ጮኹ። አምበሉ ደግሞ "የዚህ መዝጊያ ማጠፊያው ወልቋል፣ አናጢ ጥሩ!" አለ። አግዳሚ ምድጃው ጋ ቆሞ ሰማ። ዋጠው። ትንሽ ይታገስ፣ ይለምደዋል፣ እኔም ለምጄዋለሁ አለ በሆዱ። ልቡ የሚሮጥበትን ነገር በዘዴ ሲጠይቀው "አሁን ትቶኛል" አለው። ይህቺን ሲሰማ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ጎንበስ ብሎ ስኒ አጠበ።

እውነትም ጥቂት ጨዋታ አልፎ ልጁ ነቃ። እንደ ድሮው ሆነ፤ ከድሮውም ባሰ። ሳይጠራ ይጮሃል፣ ሳይነካ ይዘላል፣ ኳስ ገና ከሩቅ ስትነሳ እሱ ተነስቷል። ሰው አጨበጨበ። አግዳሚ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ "አየሽ? ያለ ቡናም ይችላል!" አላት። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ኮርቶ አያውቅም።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን መጣ። መልማዩ መጥቷል ተባለ፤ ባርኔጣ አድርጎ መሃል ላይ ተቀምጧል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል በቅባትና በላብ ሽታ ታፍኗል። ጫማ የሚያስር፣ የሚያነክስ፣ የሚጸልይ፣ ሁሉም በየጥጉ ነው። አግዳሚ ገብሱን ቀድቶ ሰጠ፣ ራሱም ጠጣ። ከዚያ እንደ ልማዱ የወንድሙን ጓንት ሊያርስለት አነሳ፤ ደረቅ ጓንት ኳስ አይዝም። እጁን ሲሰድ አውራ ጣቱ ውስጥ አንድ ነገር ኮሸሸ። ሳበው። የክኒን ማሸጊያ ነው። አብዛኛው ተፈልቅቆ ወጥቷል።

ማንበብ ላይ ፈጣን አይደለም። ፊደሉን አንድ ባንድ እየለቀመ አነበበው። ካፌይን ይላል።

ወንድሙን አየው። ጉልበቱ አንዴም አያርፍም፣ ይንቀጠቀጣል። የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ሦስቴ ፈቶታል። አንገቱ ላይ ሥሩ ተነስቶ ሲመታ ከሩቅ ይታያል።

አጠገቡ ቁጢጥ አለ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የራስ ምታት ነው።"

"ካፌይን ይላል።"

"ታዲያ ያው ቡና አይደል? ቡና በፍሬ ማለት ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያንተ ቡና መሥራት አቆመብኝ ጋሼ። ሰውነቴ ለመደው መሰለኝ፤ ጠጥቼ ጠጥቼ እንደ ኬሻ ነበር የምወድቀው። ምን ላድርግ? ይሄን ስጨምርበት ነው የነቃሁት።"

"ልብህስ?"

"ይመጣል ይሄዳል።"

"ትቶኛል አላልከኝም?"

"እንዳትጨነቅ ብዬ ነዋ!"

"ዛሬ ስንት ዋጥክ?"

"እንጃ... ትልቅ ጨዋታ አይደል? ጨመር አድርጌያለሁ።"

አግዳሚ ማሸጊያውን እንደያዘ ቀረ። እናትየው ቡና ሲጠፋ ያፈላችው ገብስ፣ ለማዳን ብሎ ያሳረረው ገብስ፣ ልጁን አንስቶ እዚህ ክኒን ላይ ጣለው። እውነቱን ነግሮት ቢሆን ኖሮ ይህን አይፈልግም ነበር። የሰው አፍ ሲፈራ፣ መሐላ ሲፈራ፣ ልጁን በሁለቱም በኩል አስበልቶታል።

ተነሳ።

"አሰልጣኝ" አለ። ድምፁ ቀጠነበት፤ በሰው መሃል መናገር አይችልበትም። "ይሄ ልጅ ዛሬ አይጫወትም።"

መዝጊያ ብድግ አለ። "ጋሼ!"

"ልቡ ታሟል። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ነው። እናታችንም በዚሁ ነው የሞተችው። ዛሬ ደግሞ ይሄን ውጦበታል።" ማሸጊያውን ሰጣቸው።

"ማለህልኝ ነበር!" አለ ልጁ፤ ዓይኑ ቀላ። "በእናታችን ማለህልኝ! ይሄን ቀን ነው አይደል ስትጠብቅ የኖርከው? መልማዩ በመጣበት ቀን! እንግዲህ ግባ፣ ልበስ፣ ቦታህ ነው!"

አምበሉ እንኳ አፉ ተያዘ። አግዳሚ የፈራው ቃል በትክክል ይሄ ነበር፤ ከገዛ ወንድሙ አፍ ወጣ። እንደሚገድለው ነበር የሚያስበው። አልገደለውም።

"ሌላም አለ" አለ። "ቡናው መሥራት አላቆመብህም። ቡና አልነበረም። ገብስ ነው።"

ከወዲያ በኩል አንዱ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠ።

"ምን አልክ?"

"ገብስ ነው ያጠጣሁህ። እንዳይጎዳህ ብዬ። ሳልነግርህ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

አሰልጣኙ ማሸጊያውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፣ ከዚያ የልጁን አንገት አዩት። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ያንን ሁሉ ጥቁር ቡና ያዘዙት እሳቸው ናቸው፤ ማን ልቡ ደህና እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

"ልክ ነህ" አሉ ቀስ ብለው። "አይገባም። አንተ ልበስ።"

"እኔም አልገባም።"

"ምን?" አለ አምበሉ። "አግዳሚ፣ አብደሃል? ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቀህ?"

"እኔ ከገባሁ ይሄ ልጅ አያምነኝም። ቦታዬን ሊቀማ ነው ይላል፣ ነገ ተደብቆ ክኒኑን ይውጣል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጫወታል። ካልገባሁ ግን..." ራሱን ነቀነቀ። "አልገባም በቃ።"

"እንሸነፋለን እኮ!"

"እንሸነፍ።"

ለመኑት፣ ተቆጡት። አንዱ ተከላካይ "ሁለቱም ወንድማማቾች ቀበሩን" ብሎ ጫማውን ወረወረ። በመጨረሻ ያው ተከላካይ፣ ረጅም ነው ተብሎ፣ ጓንቱን አጠለቀ።

ሁለቱ ወንድማማቾች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ አንዱ ከዚያ ጫፍ። መሃላቸው ሰው አልተቀመጠም። ጨዋታው ተጀመረ። ተከላካዩ በጓንት ኳስ መያዝ አያውቅም፤ በጡጫው እየመታ ይመልሳል። አንዱን መለሰ፣ ሁለተኛው ገባበት። ሰው "በረኞቹ የት ሄዱ?" ይላል። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ወደ አግዳሚው አንዴ አየና ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ። አግዳሚ እጁን በጉልበቶቹ መሃል ከቶ መሬት መሬት ያያል። ሜዳው ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ጎሉ አፍ ላይ ያለውን ያን የበረኛ ቦታ ሕይወቱን ሙሉ ሲመኘው ኖሯል፤ አሁን ማንም አልከለከለውም።

እረፍት ሳይደርስ ከዚያኛው ጫፍ ልጁ ተንሸራቶ መጣ። ቁጣው ፊቱ ላይ አለ፤ ከቁጣው በላይ ግን ፍርሃት አለ። ሳይናገር የወንድሙን እጅ ይዞ ደረቱ ላይ አደረገው።

አግዳሚ ከመዳፉ ሥር ሰማው። እህል ውስጥ እንደገባ አይጥ ነው፤ ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል፣ መልሶ ይሮጣል። ሳይጫወት፣ ሳይዘል፣ ቁጭ ብሎ።

"ሜዳ ላይ ብሆን ኖሮ..." አለ ልጁ። አልጨረሰውም።

"አሁን ሐኪም ቤት እንሂድ? ወይስ ጨዋታው እስኪያልቅ ልጠብቅህ?" አለ አግዳሚ። እንደማይጠብቀው ያውቃል፤ ግን ልጁ ራሱ እንዲለው ፈለገ።

"አሁን።"

ክንዱን አንገቱ ላይ አድርጎ አስነሳው። አሰልጣኙ ዞረው አዩ፣ "ሂዱ፣ ሂዱ" አሉ፣ ከጃኬታቸው ኪስ የተጨማደደውን ማሸጊያ አውጥተው "ይሄንንም ለሐኪሙ አሳዩት" ብለው ሰጡት። በሽቦው አጥር ጥግ ጥጉን ወደ መውጫው ሄዱ። በሩን ገና ሳያልፉ ከኋላቸው ትልቅ ጩኸት ተነሳ። ጎል ነው። የማን እንደሆነ ሁለቱም ዞረው አላዩም።

መንገዱ ላይ አግዳሚ ይጎትተዋል፤ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፤ ታክሲ ባየ ቁጥር እጁን ያወዛውዛል።

"ጋሼ" አለ ልጁ እየተነፈሰ።

"አቤት።"

"ቀስ በል እንጂ። የታመምኩት እኔ፣ የምትሮጠው አንተ።"

አግዳሚ እርምጃውን ቀነሰ። ክንዱን ግን አለቀቀውም።